የልጅነታችሁን ዘፋኝ ድምፅ ከአሮጌ ካሴት እንዴት ታድናላችሁ?

ሰው በልጅነቱ የሚወደውን ዘፋኝ ድንገት ሲያስታውስ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፍለጋ ይጀምራል። እኛ የምንመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ራሳችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ቀጥሎ አብረዋችሁ ያደጉትን ጠይቁ፣ ካሴቱን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ዘፈኑን አንዴ ከሰማችሁት የራሳችሁን ትውስታ አሁን ከሰማችሁት መለየት አትችሉም። ቃሉን አሳስታችሁ ስትዘፍኑት የኖራችሁት ስንኝ፣ ከአዝማቹ ጋር የምታጨበጭቡት ጭብጨባ፣ እህታችሁ የጨመረችበት የራሷ ግጥም ካሴቱ ላይ የለም። ካልተጻፈ አዲሱ ድምፅ ይሸፍነዋል።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ወረቀት ስጡ። ግጥሙን በቅደም ተከተል ለመጻፍ አትጨነቁ፣ የመጣላችሁን ስንኝ ብቻ አስፍሩ። የጠፋባችሁን ቃል በመስመር አመልክታችሁ ባዶውን ተዉት፤ በግምት የተሞላ ቦታ በኋላ ከእውነተኛው ትውስታ ጋር ይቀላቀላል። ከግጥሙ ሥር የአካል እንቅስቃሴዎቹን ጻፉ፦ የትኛው ቃል ላይ እጅ ይነሣል፣ የት ላይ ይዘለላል፣ ተቀባዮቹ ልጆች የትኛውን መስመር ይመልሳሉ። ዘፋኙ ምን ዓይነት መሣሪያ ይጫወት ነበር? ዘፈኑን የሰማችሁት በሬዲዮ ነው፣ በቴሌቪዥን ነው ወይስ በትምህርት ቤት? ይህ መረጃ በኋላ ቅጂውን ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል።

ግጥሙ አልመጣ ካለ ለማንበብ ያህል አትሞክሩት፣ ዝፈኑት። ቃል ከዜማ ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ በንግግር የጠፋው በዜማ ይመለሳል። መሃል ላይ ስትቆሙ ቀጣዩን ቃል ለመጥራት ከመታገል ወደ ስንኙ መጀመሪያ ተመልሳችሁ ሳታቋርጡ እንደገና ግቡ።

ወንድሞችና እህቶችን ለየብቻ ጠይቁ። አብረው ከተቀመጡ ቀድሞ የተናገረው የሌሎቹን ትውስታ ይመራል፣ ሁሉም እሱ ባለው ይስማማሉ። የሚዘፍኑትን በስልክ ቅዱ፤ የሚለያዩበትንም አታስታርቁ፣ ሁሉንም ጻፉ።

የማስታወስ ችግር ያለባቸው አረጋዊ ወላጅ ካሉ ለእሳቸው ጥያቄ አታብዙ። ብዙ ነገር የረሱ ሰዎች የልጅ ዘፈን ከነግጥሙ ሲይዙ ይታያል። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ዘፈን ጀምሩላቸውና ፊታቸውን እያያችሁ ጠብቁ። ከተረበሹ ወዲያው አቁሙ።

የዘፋኙ ወይም የዘፈኑ ስም ከጠፋባችሁ

በፍለጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ በመጻፍ ነው። የልጆች ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰየመው በአዝማቹ ስለሆነ ከአዝማቹ ጀምሩ። በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ፊደሉን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለብዙ የፍለጋ መሣሪያዎች የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የጫነ ሰው ዘፈን «ጸሀይ» ብሎ ለሚፈልግ ላይወጣ ይችላል። ርዕሱን በላቲን ፊደል የጻፈም ስለሚኖር እሱንም ሞክሩ። በልጅነት የሰማችሁት ቃል የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል አስቡና በድምፅ የሚመስሉትን ቃላት ተኩበት።

ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት

ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 በፊሊፕስ የወጣ ሲሆን የክሩ ስፋት 3.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሰከንድም 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በዚያች ጠባብ ክር ላይ የሁለቱ ገጾች የግራና የቀኝ ድምፅ አራት መስመር ሠርቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ እጥፋት ወይም የሄዱ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ትንሽ መዛባት ወዲያው ይሰማል።

በመጀመሪያ እንዳይቀረጽበት የሚከላከሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። ክሩ የሚታይበት ክፍት ጎን ወደ ታች ሆኖ አንደኛው ገጽ ወደ እናንተ ሲዞር በላይኛው ጠርዝ በግራ ያለው ያንን ገጽ ይጠብቃል፤ በቀኝ ያለው የሌላውን። ይህን ሳያደርጉ በስሕተት የመቅጃውን ቁልፍ የተጫኑ ሰዎች ሌላ ቅጂ የሌለው ዘፈን አጥፍተዋል።

ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ክሩን በብርሃን እዩት። ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ክሩ ጠርዝ ላይ ካለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት አታጫውቱ፤ ሻጋታው ወደ ቴፑ፣ ከቴፑም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይዛመታል፣ ለመተንፈሻ አካልም ጥሩ አይደለም። በላስቲክ ከረጢት ለይታችሁ ለባለሙያ ስጡት።

ከዚያ መሃል ላይ ክሩን ከበስተኋላ የምትደግፈውን ትንሽ ለስላሳ ጨርቅ ተመልከቱ። ቀጭን የብረት ምላስ ላይ የተለጠፈች ናት፤ ሥራዋም ክሩን ሄዱ ላይ መጫን ነው። ሙጫዋ ሲያረጅ ትወድቃለች፣ ያን ጊዜ ድምፁ ይታፈናል፣ ከፍ ዝቅም ይላል። ጨርቋን መልሶ ከመለጠፍ ክሩን ከነመጠቅለያው ወደ ሌላ ጤነኛ የካሴት ቤት ማዛወር ይሻላል። አምስት ብሎን ያለው ካሴት በትንሽ ካቻቪቴ ይከፈታል። ስትከፍቱት ጠፍጣፋ አስቀምጡትና ሳትነቀንቁት ፎቶ አንሡ፤ ክሩ በየትኛው ትንሽ መንኮራኩር በኩል እንደሚያልፍ በኋላ የሚያስታውሳችሁ ፎቶው ነው። ብሎን የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀ ካሴት ግን መጋጠሚያውን ተከትሎ በስለት መሰንጠቅ ያስፈልገዋል፤ ስለቱን ወደ ውስጥ አታስረዝሙ።

ክሩ ከተበጠሰ ተራ ፕላስተር በፍጹም አትጠቀሙ። ሙጫው እየቀለጠ ከጎኑ ያለውን ክር ይይዛል፣ ሄዱንም ያቆሽሻል። ለካሴት የተሠራ መጋጠሚያ ፕላስተር አለ። ሁለቱን ጫፎች ደራርባችሁ 45 ዲግሪ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡ አገናኙና ፕላስተሩን ሄዱን በማይነካው ጀርባ በኩል ለጥፉ። የተረፈውን በስለት አስተካክሉ። ክሩን በጣት አትያዙ፤ የጥጥ ጓንት ከሌለ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁና ጠርዙን ብቻ ንኩ።

ካሴቱ ደኅና ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ለዓመታት የተቀመጠ ክር አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ይጣበቃል፣ ውጥረቱም እኩል አይሆንም። መጀመሪያ ጥቂት ዙሮችን በእስክሪብቶ አሽከርክሩ፣ ከከበደ በጉልበት አትቀጥሉ። 120 ደቂቃ የሚሉት ካሴቶች ክራቸው በጣም ስስ ስለሆነ ከሁሉም በላይ በነሱ ተጠንቀቁ።

ቴፑን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ቢበላሽ የማይቆጫችሁን ካሴት ሁለቱንም ገጽ አጫውቱበት። ቴፑ ክር የሚበላ ከሆነ ያ ካሴት ይበላ።

ሄዱን፣ ከጎኑ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግና ክሩን የምትጎትተውን ጎማ አጽዱ። ለሄዱና ለብረቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ አድርጉ፤ ቡናማው እድፍ ጥጡ ላይ መምጣቱን እስኪያቆም ጥጡን ቀይሩ። ሽቶ ወይም ቅባት ያለበት አልኮል ንጣፍ ስለሚተው አይሆንም። ጎማዋን ግን በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ማጽዳት እንመርጣለን፣ አልኮል ሲደጋገም ጎማን ያደርቃልና። ሁሉም በደንብ ሳይደርቅ ካሴት አታስገቡ። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ካሴቱ ጽዳቱን ድገሙት፤ አሮጌ ክር ብናኙን ሄዱ ላይ ይተዋል።

የዘፋኙ ድምፅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካሴቱ አይደለም። ከሞተሩ ወደ መዘውሩ ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ችንጋ ተለጥጧል ማለት ነው። አንዳንዱ ችንጋ ጨርሶ ቀልጦ ጥቁር ዝፍት ይመስላል፣ ያንን በአልኮል ጠርጎ በአዲስ መተካት ነው። አዲሱን ስትመርጡ ከተለጠጠው አሮጌ ትንሽ ያጠረ ይሁን፤ ሲበዛ ካጠረ ሞተሩ ይታገላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ፦ የሄዱ አቅጣጫ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ለውጡ ግን ከማንኛውም የኮምፒውተር ማጽጃ የሚበልጠው ይህ ነው። ሄዱ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ከክሩ ጉዞ ጋር ትክክለኛ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ካሴታችሁ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ነው፤ የዚያ ቴፕ ሄድ በጥቂቱ ያዘነበለ ከነበረ የእናንተም በዚያው ልክ ካላዘነበለ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል። «ስ»ና «ሽ» ይደበዝዛሉ፣ ጭብጨባው ይታፈናል፣ ዘፋኙ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ይመስላል። ያኔ የጠፋውን ድምፅ በኋላ ማንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ቤት ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዱ የልጆች ዘፈኖች ላይ ደግሞ ይህ ችግር በጣም የተለመደ ነው።

አስተካካዩ ከሄዱ ጎን ካሉት ሁለት ብሎኖች ሥሩ ስፕሪንግ ያለበት ነው። በብዙ ቴፖች ላይ ካሴቱ እየተጫወተ ካቻቪቴ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ከመንካታችሁ በፊት የብሎኑን አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ መመለሻ እንድታገኙ። ካቻቪቴው ማግኔት የሌለው ይሁን። ጭብጨባ ወይም ብዙ ልጆች አብረው የሚዘፍኑበትን ቦታ ፈልጉና የግራውንና የቀኙን ድምፅ ወደ አንድ ቀላቅላችሁ አዳምጡ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስሕተቱ በግልጽ ይሰማል፣ በስቴሪዮ ግን ይደበቃል። ብሎኑን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ አዙሩ፣ ጠብቁ፣ ስሙ። ድምፁ እየጠራ ሄዶ እንደገና መደብዘዝ ሲጀምር ጥቂት መልሱት። በጣም የሚጠራበት ነጥብ ጠባብ ነው፣ ስታልፉት ታውቁታላችሁ። ካሴቱን ስትገለብጡ ሁለተኛው ገጽ ሌላ ነጥብ ሊኖረው ስለሚችል እንደገና አድርጉት። ሲያልቅ ብሎኑን ወደ ምልክቱ መልሱ።

ካሴቱ ላይ «ዶልቢ» (የክሩን «ሽ» የሚል ድምፅ የሚቀንስ ዘዴ) የሚል ምልክት ካለ ቴፑ ላይም ዶልቢውን የምታበሩት ከዚህ ማስተካከያ በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ከበራ መደብዘዙን ያባብሰዋል።

ወደ ኮምፒውተር መቅዳት

ቴፑ ከበስተኋላው የድምፅ መውጫ ካለው ያንን ተጠቀሙ። ከሌለው የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ይበቃል፤ ቮሊዩሙን ግማሽ አካባቢ አድርጉና ባስና ትሬብሉን መሃል ላይ ተዉ። የላፕቶፕ የማይክሮፎን መሰኪያ ግን አይሆንም። ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣውን ከልክ በላይ አጉልቶ ያበላሻል፣ ብዙ ጊዜም ስቴሪዮውን ወደ አንድ ያወርደዋል። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ የላይን መግቢያ (እንደ ቴፕ ካለ መሣሪያ የሚመጣ ድምፅ የሚገባበት መሰኪያ) ያለው የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል። ቀጣይነት ያለው የኤሌክትሪክ እምምታ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ፤ በአብዛኛው ይጠፋል።

ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ በቂ ነው። ለቅጂው ጥራት 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ምረጡ። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ወደ 17 ሜጋ ባይት፣ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ደግሞ ወደ 1 ጊጋ ባይት ይይዛል። መጀመሪያ በጣም የሚጮኸውን ቦታ አጫውቱና በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ምልክት ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ እንዲደርስ አስተካክሉ። ዜሮን የነካ ድምፅ ተቆርጦ ይሰነጠቃል፣ አይመለስም። ትንሽ ዝቅ ያለ ግን በኋላ ይነሣል።

እያንዳንዱን ገጽ ሳታቆራርጡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅዱ። በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ዝምታ፣ የአቅራቢውን ንግግር፣ የማብሪያውን «ጠቅ» ጭምር። ዝምታው ድምፅ ለማጽዳት ያስፈልጋል፤ ንግግሩ ውስጥ ደግሞ የዘፋኙ ስም ወይም የተላለፈበት በዓል ይገኛል። እየቀዳችሁ ክፍሉን ለቃችሁ አትሂዱ፣ ክር ሲጠመጠም በሰከንዶች ውስጥ መቆም አለበት።

ሸክላ ከሆነ ያላችሁ፣ የማጫወቻው ድምፅ በቀጥታ ወደ ድምፅ ካርድ አይገባም። ለሸክላ የተሠራ ማጉያ በመሃል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ድምፁ ደካማና ቀጭን፣ ባስ የሌለው ይሆናል።

ማጽዳት በልኩ

የመጀመሪያውን ቅጂ በዌቭ (WAV) ወይም በፍላክ (FLAC) የፋይል ዓይነት አስቀምጡና አትንኩት። የሚጸዳው ሁልጊዜ ሁለተኛው ቅጂ ነው። ፍላክ ምንም ድምፅ ሳይጥል ቦታ ስለሚቆጥብ እኛ እሱን እንመርጣለን። ኤም ፒ 3 ለስልክና ለመላክ ይሁን።

ሽሽታውን፣ ማለትም ከክሩ የሚመጣውን «ሽ» የሚል ድምፅ፣ ለመቀነስ በዘፈኖች መካከል ካለው ዝምታ አንድ ሁለት ሰከንድ ምረጡና ለፕሮግራሙ እንደ ናሙና ስጡ። ቅነሳውን ከ6 ዴሲቤል ጀምሩ። ከ12 ስታልፉ የዘፋኙ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዳለ መንቦጫረቅ ይጀምራል፣ የክራሩ ወይም የጊታሩ ክር ጥራትም ይሞታል። ጥቂት ሽሽታ ያለው ሕያው ድምፅ ከጸዳ ድንዝዝ ድምፅ ይሻላል።

ፍጥነቱ የተሳሳተ ከመሰላችሁ ከታወቀ ቅጂ ርዝመት ጋር ወይም በትክክል ከተቃኘ መሣሪያ ጋር አስተያዩት። የ6 በመቶ ልዩነት ድምፁን ግማሽ ቃና ያህል ያነሣል ወይም ያወርዳል። ስታርሙ ፍጥነትንና ቃናን አንድ ላይ የሚለውጠውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ስሕተቱ የመጣው ከክሩ ፍጥነት ስለሆነ ሁለቱም አብረው ነው የተዛቡት። ቃናውን ብቻ የሚለውጠው ትእዛዝ የዘፈኑን ምት እንደተሳሳተ ይተወዋል።

መሃል ላይ የአንድ ሕፃን ድምፅ፣ የእናት ጥሪ፣ የበር ኳኳታ ገብቶ ከሆነ አትቁረጡት። ዘፈኑን ያለዚያ ድምፅ ሌላ ቦታ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ያን ድምፅ ግን የትም አታገኙትም።

ስም መስጠትና ማስቀመጥ

የፋይሉ ስም ውስጥ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ የመጀመሪያ ቃላት፣ የካሴቱ ቁጥርና ገጹ ይግቡ። ዓመቱን በእርግጥ ካላወቃችሁ አትጻፉ፣ አንዴ የተጻፈ የተሳሳተ ዓመት ሲገለበጥ ይኖራል። የካሴቱን ሽፋንና በእጅ የተጻፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡ። በመጀመሪያ የጻፋችሁትን የትውስታ ወረቀትም ፎቶ አንሥታችሁ ጨምሩ፤ ልዩነታቸውን ጎን ለጎን ማየት የሥራው አንዱ ደስታ ነው።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ በዘመድ ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍታችሁ አጫውቱ። ካሴቱንም አትጣሉ፤ ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቃችሁ አስቀምጡ።

ለልጆች ማስተማር

ቅጂውን ከፍቶ «ስማ፣ እኔ በልጅነቴ የምወደው ነው» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ልጅ መጀመሪያ የሚቀበለው ከሚያውቀው ሰው አፍ ነው። ራሳችሁ ዝፈኑለት፣ ቅጂው በኋላ ይምጣ።

ቃናውን ለልጁ ጉሮሮ ምረጡ። ለትንንሽ ልጆች ከፒያኖው መካከለኛ ዶ እስከ ከዚያ በላይ ያለው ላ ምቹ ነው። ጎልማሳ ወንድ በራሱ ቃና ሲያስተምር ዜማው ለልጁ ወይ በጣም ይወርዳል ወይ በጣም ይወጣል፣ ልጁም መዝፈኑን ትቶ በዜማ መናገር ይጀምራል። ያን ስትሰሙ ልጁ ጆሮ የለውም አትበሉ፣ ቃናውን ቀይሩ።

ዘፈኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉውን ከነእንቅስቃሴው አሰሙ። ከዚያ አዝማቹን ብቻ እንዲቀበል አድርጉ፣ ስንኙን እናንተ ያዙ። አዝማቹ ሲጸና ስንኞቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ያስተጋባ። ፍጥነቱን መጀመሪያ ትንሽ ዝግ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አትለፉ፣ በማግስቱ መድገም ይበልጣል። ልጁ ቃል ቢያሳስት ወይም የራሱን ግጥም ቢጨምር አታርሙት፤ በወረቀቱ ላይ ከእናንተው ስሕተት ጎን ጻፉት።

ዘፋኙ በሕይወት ካሉ

ደብዳቤ ጻፉላቸው። «አድናቂዎ ነኝ» የሚለው አጠቃላይ ቃል ብዙ አይናገርም፤ የትኛው ዘፈን፣ የትኛው ስንኝ፣ በስንት ዓመታችሁ፣ ከማን ጋር ትዘፍኑት እንደነበር ግለጹ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ልጃችሁ ሲዘፍነው ከቀዳችሁት አያይዙ።

ያዳናችሁትን ቅጂ በኢንተርኔት ለሕዝብ ለማውጣት ካሰባችሁ በዚሁ ደብዳቤ ፈቃድ ጠይቁ። ለራስ መቅዳትና ለሕዝብ ማሰራጨት በሕግ አንድ አይደሉም፤ የግጥሙ፣ የዜማውና የቅጂው መብት በተለያዩ ሰዎች እጅ ሊሆን ስለሚችል ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁም ይንገሯችሁ። ዘፋኙ ካረፉ ጥያቄው ለቤተሰባቸው ወይም ለአሳታሚው ይሆናል። በሁለቱም ሁኔታ ያልጸዳውን ሙሉ ፋይል ከደብዳቤው ጋር ላኩላቸው፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ ስለሚደመሰሱ እናንተ ዘንድ ያለው ቅጂ እነሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል።